ከጂዳ ደሴ ለእረፍት ምትመጡ፣ የቱን ቀላል ጃኬት ብትይዙ ይሻላል?

የአክስቴ ልጅ ጂዳ ነው ምትኖረው፣ ከሄደች ስድስት አመት ሊሆናት ነው፣ ዘንድሮ ታህሳስ መጨረሻ ላይ ለአንድ ወር ልትመጣልን ነው አልሀምዱሊላህ። ባለፈው ሳምንት ማታ በኢሞ ሶስት የጃኬት ፎቶ ላከችልኝ፣ ሞል ውስጥ ቆማ ነው፣ ከስሩ "ወንድሜ ቶሎ በል የቱን ልውሰድ ሊዘጉ ነው" ብላለች። አንዱ ያ ተነፋፍቶ ሚያብለጨልጨው ላባ ያለው፣ ሁለተኛው እሱኑ ሚመስል ግን ሳሳ ያለ ውስጡ ስፖንጅ ነገር ያለበት፣ ሶስተኛው ፍሊስ ሚሉት ጸጉራም ለስላሳ ሹራብ መሳይ። እኔ ደሞ በአንድ ቃል መመለስ አልችልበትም፣ ኔትወርኩም እየተቆራረጠ "ሄሎ ሄሎ" ስንባባል ሱቁ ተዘጋ። ያኔ ልነግራት የነበረውን ነው እዚህ ምዘረግፈው፣ ከአረብ ሀገርም ከአዋሽም ከሌላ ሞቃት ቦታም ለሚመጣ ሰው ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ እንግባባ። ውጪ ሀገር ያለ ሱቅ ዊንተር ሲል በረዶና ዝናብ አስቦ ነው ሚሸጥላችሁ። የኛ ክረምት ሀምሌና ነሀሴ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ብርዱ ግን ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ነው ሚመጣው። በጥቅምት አንድ አጥንት ሚባለው ለጨዋታ አይደለም። ደመና ስለሌለ ቀን መሬት የያዘችው ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ይወጣና ንጋት ላይ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ከዛ ፀሀይዋ ስትወጣ ደሞ ሶስት ሰአት ላይ ግንባር ታቃጥላለች። ደሴ ታህሳስ ላይ ሌሊቱ 5 እና 6 ዲግሪ ሚደርስበት ጊዜ አለ፣ እኩለ ቀን ላይ ደሞ 20 አካባቢ ነው። በዛ ላይ ጦሳ ተራራ በምእራብ በኩል ስለሆነ ፀሀይዋ ቀድማ ከጀርባው ትገባለች፣ ሰአቱ ገና ነው ብላችሁ ቡና ሳትጨርሱ ጥላው ከተማው ላይ ይወርድና እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ ትከታላችሁ።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ በመሀል 25 ኪሎሜትር የማይሞላ የሐረጎ ቁልቁለት ነው ያለው። በየሺ ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይለያያል ሚባለውን ብታሰሉት አራት ዲግሪ ገደማ ይመጣል፣ አራት ዲግሪ ሲባል ትንሽ ይመስላል ግን ከደሴ በካፖርት የተነሳ ሰው ኮምቦልቻ በቲሸርት ሻይ ሚጠጣውን ሰው ሲያይ ነው ሚገባው። ሌሊቱማ ኮምቦልቻም ይበርዳል፣ ሙቅ ሀገር ነው ብሎ ያለምንም ነገር መምጣት የለም።

እኔ ስራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ቤተሰብ ደሴ፣ ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ገና ሳይነጋ ነው ምወርደው። ካቻምና አንድ ትልቅ ጃኬት ነበረኝ፣ ወፍራም፣ ኮፍያው ላይ ጸጉር ያለው፣ ስገዛው ሻጩ "ይሄ በረዶ ሀገር ነው ሚለበሰው" ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ እኔ ደሞ ኩራት ተሰማኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ፣ መስኮት ሁሉ ጥርቅም፣ ያው ታውቁታላችሁ ትንሽ ገርበብ ያደረጋችሁ እንደሆነ ከኋላ "ንፋስ ይመታናል ዝጋው" ይመጣል። ሐረጎ መሀል ስንደርስ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል፣ ላውልቀው ብል ሶስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሆነን ነው የተቀመጥነው ክንዴን ማንሳት አልችልም። ኮምቦልቻ ስወርድ ሸሚዜ እርጥብ፣ እርጥቡ ላይ የጠዋቱ ንፋስ ሲመታኝ ደሴ ከበረደኝ በላይ በረደኝ። ቀኑን ሙሉ ያንን ጃኬት እንደ ህጻን ታቅፌ ዋልኩና ማታ ባጃጅ ውስጥ ረስቼው ወረድኩ። አላገኘሁትም፣ እውነት ለመናገር ብዙም አላዘንኩም።

ከዛ በኋላ ነው ጃኬት ስመርጥ ጥያቄዬን የቀየርኩት። ምን ያህል ይሞቃል ሳይሆን ሳወልቀው የት ነው ሚገባው ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ሀገር ጃኬት ከሚለበስበት ሰአት ሚያዝበት ሰአት ይበልጣል፣ ጠዋት ሁለት ሰአት ለብሳችሁት ስድስት ሰባት ሰአት ተሸክማችሁት ማታ ትደግሙታላችሁ። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ማይገባ ጃኬት ከነጭራሹ ከምርጫው ይውጣ።

ላባው (ዳውን ሚባለው)

ላባ ሲባል ክንፍ ላይ ያለው ዘንግ ያለው አይደለም፣ ከዳክዬና ከዝይ ደረት ስር ሚገኘው እንደ ጥጥ ብን ሚለው ነው። ጃኬት ውስጥ ከሚሞላው ሁሉ በክብደት ሲለካ እሱን ሚያክል ሙቀት ያለው ማግኘት ይከብዳል፣ ቀላሉ አይነት 300 ግራም አካባቢ ነው፣ ተጠቅልሎ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ሚያክል ከረጢት ውስጥ ይገባል። ሌብሉ ላይ ዳውን 90 ምናምን 10 የሚል ካለ ያ አስሩ ዘንግ ያለው ላባ ነው፣ ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ካለ ተዉት። ፊል ፓወር ሚሉት ቁጥር ደሞ አለ፣ 28 ግራም ገደማ ላባ ሲለቀቅ ስንት ኪዩቢክ ኢንች ቦታ ይይዛል ነው፣ 600 ደህና ነው፣ 800 ምርጥ ነው። ግን ቁጥሩ የላባውን ጥራት እንጂ ጃኬቱ ውስጥ ስንት ግራም እንደጨመሩ አይነግራችሁም፣ 800 ብሎ ጽፎ ሁለት ቁንጥር ብቻ የጨመረበትም አለ።

ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ሚለው ላባ ከረጠበ አይሞቅም ነው። እውነት ነው፣ ይጓጎላል። ግን ይሄ ምክር የተጻፈው ዝናባማ ሀገር ላለ ሰው ነው፣ ደሴ ታህሳስና ጥር ላይ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ ዝናቡ አይደለም ሚያስቸግራችሁ። ሚያስቸግራችሁ ሌላ ነው። አንደኛ ፀሀይዋ፣ ጠዋት ሶስት ሰአት ላይ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጡ ጃኬቱ ውስጥ ትቀቀላላችሁ። ሁለተኛ እጥበቱ፣ ሳፋ ውስጥ በኦሞ ዘፍዝፋችሁ ከጨመቃችሁት የላባውን ቅባት ያጥበዋል፣ ይሞታል፣ ማድረቂያ ማሽን ስለሌለ ደሞ ሶስት ቀን እያገላበጣችሁ በእጅ መበተን ነው። ሶስተኛው ከስፌቱ ላይ ብን ብን ማለቱ። አንድ ቀን ከሱ ስር ጥቁር ሹራብ ለብሼ ስራ ገብቼ ሳወልቀው አንዷ የስራ ባልደረባዬ አየችኝና "ዛሬ ዶሮ አርደህ ነው እንዴ የመጣኸው" አለችኝ፣ እስከዛሬ ዶሮው ይሉኛል።

ስለዚህ ላባ መጥፎ አይደለም፣ ለደሴ ግን ይበዛል። ዋጋውም ይበዛል።

ስፖንጁ

እኛ ስፖንጅ እንለዋለን እንጂ ፖሊስተር ነው፣ እንደ ላባ እንዲንፈሻፈሽ ተደርጎ የቀጠነ ክር። ፕሪማሎፍት ሚባለው ታዋቂው አይነት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር ነው የተሰራው፣ ላባው ሲረጥብ አስቸገረን ብለው። ላብ ቢነካውም ቶሎ ይደርቃል፣ ሳፋ ውስጥ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ማታ ይለበሳል፣ ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውም ከላባው ይቀላል። ድክመቱ ለተመሳሳይ ሙቀት ከላባው ይከብዳል፣ እና ደጋግማችሁ ከረጢት ውስጥ ስትጠቀጥቁት እየተኛ ይሄዳል፣ ከሁለት ሶስት አመት በኋላ የገዛችሁት አይነት አይሆንም።

ሱቅ ውስጥ ከላባው ለመለየት ደረቱ ላይ ያለውን አንዱን ክፍል በሁለት ጣት ይዛችሁ ፈተግ አድርጉት። ላባ ከሆነ ውስጡ ባዶ እስኪመስል ይጠፋል፣ አልፎ አልፎ እሾህ መሳይ ነገር ይነካችኋል። ስፖንጅ ከሆነ እንደ ቀጭን ብርድ ልብስ አንድ ወጥ ሆኖ ይሰማል። ላባ ነው ብለው በላባ ዋጋ ሚሸጡት ስላለ ነው ምነግራችሁ።

አንድ ጃኬት ብቻ ነው ምገዛው ምትሉ ከሆነ ይሄን ግዙ፣ ሳሳ ያለውን፣ ወፍራሙን አይደለም። እጅ የሌለው (ቬስት) ካገኛችሁ ደሞ ኮምቦልቻ ለምትውሉ ሰዎች በጣም ነው ሚሆነው፣ ሰው ይስቅባችሁ ይሆናል ዓሳ አጥማጅ ትመስላላችሁ እያለ፣ ይሳቅ።

ፍሊስ፣ እና ብቻውን ለምን አይበቃም

እኔ ምወደው ይሄንን ነው። በ1979 ማሳቹሴትስ ያለ ሞልደን ሚልስ ሚባል የጨርቅ ፋብሪካ ነው ያመጣው፣ ከፖሊስተር ነው ሚሰራው፣ ማለትም የሃይላንዱ ጠርሙስ ከሚሰራበት ፕላስቲክ ጋር አንድ ዘር ነው፣ እንደውም ከጠርሙስ ሚሰሩትም አሉ። አይጨማደድም፣ ውሃ አይጠጣም፣ ስትወጡ ስትወርዱ ሚያልባችሁን ላብ ያስወጣል። ቤት ውስጥም ሶፋ ላይም ይለበሳል፣ ማታ ትራስ ላይ ጠቅልላችሁ ትተኙበታላችሁ። ዋጋው ከሶስቱ ዝቅተኛው ነው።

ግን ንፋስ። ፍሊስ ያሞቀው ጸጉሩ መሀል የያዘው አየር ነው፣ ንፋስ ሲመጣ ያ አየር ተጠራርጎ ይሄዳል። ባጃጅ ውስጥ በሩ ጋ ተቀምጣችሁ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ላይ ስትወጡ ፍሊስ ብቻ ከሆነ የለበሳችሁት ወንፊት እንደለበሳችሁ ቁጠሩት። መፍትሄው ከላይ ስስ ንፋስ መከላከያ መደረብ ነው፣ ያ ሲነካ ሸርሸር ሚለው ላስቲክ መሳይ ናይለን፣ 100 እና 150 ግራም ቢመዝን ነው፣ ታጥፎ የገዛ ኪሱ ውስጥ ይገባል። ብቻውን ምንም አይሞቅም፣ ፍሊስ ላይ ሲደረብ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ወፍራም ጃኬት ይሆናሉ። ንጋት ላይ ሁለቱንም፣ ሁለት ሰአት ላይ ፍሊሱን ብቻ፣ አምስት ሰአት ላይ ሁለቱም ቦርሳ ውስጥ፣ ኮምቦልቻ ለስለስ ያለ ንፋስ ከተነሳ በቲሸርት ላይ ናይለኑን ብቻ። አንድ ትልቅ ጃኬት ወይ ለብሳችሁታል ወይ አውልቃችሁታል፣ መሀል የለውም፣ ይሄኛው ግን አራት አይነት ነው ሚሆነው።

ስትገዙ ከላይ ሚደረበውን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ፣ ልክክ ያለ ከሆነ ፍሊሱን ይጨፈልቀውና ሙቀቱ ይጠፋል። ውስጡ ደሞ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው የዝናብ ልብስ ለዚህ አይሆንም፣ ንፋሱን ይከለክላል ግን ላቡ መውጫ አጥቶ እላያችሁ ላይ ውሃ ይሆናል።

ሌዘር ጃኬት ያምራል፣ ይከብዳል፣ ሲበርድ እሱም ይቀዘቅዛል፣ አለቀ። ጅንስ ጃኬት ጥጥ ነው፣ ለፎቶ ነው። የቱታ ጃኬት ግን አትናቁት፣ እሱ ላይ ናይለን ደርቦ ብርዱን ሚያሳልፍ ጎረምሳ ደሴ ሞልቷል።

ለሴቶቹ፣ በተለይ ሂጃብ ለምታደርጉ

ይሄንን የአክስቴ ልጅ ራሷ ናት ያስታወሰችኝ። ኮፍያ ያለው ጃኬት ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩት ሂጃባችሁን እንዳደረጋችሁ ኮፍያውን አጥልቁና አንገታችሁን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙሩ። ከጠበበ ሻርፑን ወደ ኋላ እየጎተተ ያወልቀዋል። ዚፑ አገጭ ድረስ ሚሄድ ከሆነ ደሞ ስስ ሻርፕ ይበላል፣ ጫፉ ላይ ዚፑ ሚደበቅባት ትንሽዬ ጨርቅ ያለችው ይሻላል። ከአባያ ላይ ለመልበስ ከዳሌ ዝቅ ሚለው አይመከርም፣ ደረጃ ስትወጡ ሁለቱ ይጠላለፋሉ፣ ወገብ ላይ ሚቆመው ነው ሚመቸው። እና በውስጥ በኩል ዚፕ ያለው ኪስ ይኑረው፣ ስልክና ብር ለገበያ ግርግር።

ከሰል

ሶስቱም የጃኬት አይነት አንድ የጋራ ጠላት አለው፣ እሱም የቡና ምድጃ ነው። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጣል። አያቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተጠግቼ ስጫወት ከከሰሉ አንዲት ፍንጣሪ ተስፈንጥራ እጅጌዬ ላይ አረፈች፣ እስካራግፋት ድረስ የምስር ፍሬ ምታክል ጠርዟ የጠነከረ ቀዳዳ ሆናለች። ስፖንጅ ስለነበረ ብዙም ነገር አልወጣም፣ ላባ ቢሆን ቤቱ ሁሉ ይበን ነበር። እሷ ደሞ ሳቀችና "ይሄን ላስቲክህን አውልቅና ጋቢ ልበስ" አለችኝ። በላስቲክ ማጣበቂያ ከውስጥ ለጥፌበት አሁንም ለብሰዋለሁ።

ጋቢውን ግን የምር አስቡበት። አራት ድርብ ጥጥ ነው፣ ማታ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለመጫወት ከየትኛውም ጃኬት ይበልጣል፣ እግርም ይሸፍናል፣ ከተኛችሁም ብርድ ልብስ ነው። እዛው የምታርፉበት ቤት ስለማይጠፋ ከጂዳ ጃኬት ስትመርጡ የማታውን ብርድ ከሂሳቡ አውጡት። ጃኬቱ ሚያስፈልጋችሁ ለንጋትና ለመንገድ ነው። ሰው ይሄንን ስለሚረሳ ነው ትልቁን ሚገዛው።

እዚሁ ልግዛ ወይስ ይዤ ልምጣ

ላባ ከፈለጋችሁ ከዛው ያዙ። ፍሊስና ናይለን ከሆነ እዚሁ ሳልቫጅ ውስጥ ከሞል የተሻለ ይገኛል፣ ቦንዳ በተፈታ ቀን ጠዋት ከሄዳችሁ። ዋጋ አልጽፍም፣ ሳምንት ሳይሞላ ይቀየራል። ክምሩ ውስጥ ስታገላብጡ መጀመሪያ ዚፑን ሶስቴ ከላይ እስከታች ሳቡት፣ ዚፕ ለመቀየር ምትከፍሉት ጃኬቱን ሊያክል ይችላል። ከዛ ጨርቁን አፋችሁ ላይ ለጥፋችሁ እፍ በሉበት፣ ትንፋሻችሁ በሌላው በኩል እጃችሁ ላይ ከተሰማችሁ ንፋስ መከላከያ አይደለም፣ የፈለገው ነገር ይጻፍበት። ሻጩ ያያችኋል፣ አንዱ እኔን "ወንድሜ ጃኬት ነው እንጂ ፊኛ አይደለም" ብሎኛል፣ ግን ይሰራል። ብርሀን ላይ ዘርግታችሁ እዩት፣ ስፖንጁ ወደታች ተሰብስቦ ትከሻው ላይ ባዶ ከሆነ እዛ ጋ ነው ሚበርዳችሁ። ፍሊስ ከሆነ ብብቱንና ክርኑን ዳብሱት፣ ጸጉሩ ተድቦልቡሎ እንክብል እንክብል ከሆነ አርጅቷል፣ ተደራደሩበት ወይ ተዉት። መጨረሻ ላይ አሽትቱት፣ የሻገተ ሽታ በአንድ እጥበት አይለቅም።

ከደሴ ወጣ ለማለት ላሰባችሁ፣ ሐይቅ ለመዋል ከሆነ ቀን ቀን ናይለኗ ብቻ ትበቃለች፣ ጀልባ ላይ ግን ንፋስ አለ ያዟት። ለገና ላሊበላ ምትሄዱ ሌሊቱን ሙሉ ውጪ ስለምትቆሙ ቆሞ መዋል ከመራመድ ይበልጥ እንደሚያበርድ አስቡና ፍሊሱም ናይለኑም ከላይ ጋቢም። መንዝ ጓሳ ከሆነ ሀሳባችሁ ግን ከዚህ በላይ ያልኩትን እርሱት፣ እዛ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ውርጭ ነው፣ ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው ሚያድረው፣ ላባው ዋጋውን ሚያወጣው እዛ ነው።

ለአክስቴ ልጅ በማግስቱ ይሄንን ሁሉ በድምጽ ላኩላት፣ አስራ አንድ ደቂቃ። ሰማችውም አልሰማችውም ማታ ፎቶ መጣ፣ ፍሊሱን ገዝታዋለች፣ ከላይ ሚደረበውንም እዚሁ እንገዛለን ተባብለናል። ብቻ ያልነገርኳት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፣ ክሬም ከለር ነው የገዛችው፣ ለደሴ አቧራ፣ ክሬም።